የላስታ መንገድና ጠላ ቤት

የአንድ ሀገር ታሪክ በነገሥታት ዜና መዋዕልና በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ተጽፎ እንደሚገኝ የታወቀ ነው። ነገር ግን መንገደኛ ደክሞት በተቀመጠበት መደብ ላይ፥ ጥሙን በቆረጠበት ዋንጫ ውስጥ የሚገኝ ሌላ ታሪክም አለ። ይህን ታሪክ የጻፈው ሰው ጥቂት ነው፤ የሚያውቁት ሰዎችም በየዓመቱ እያለፉ ናቸው። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናወሳው ያሰብነው የላስታን መንገድና በመንገዱ ዳር የቆሙትን የጠላና የጠጅ ቤቶች ነው።

ነገሩን ያሳሰበን አንድ የውጭ ሀገር ልማድ ነው። በሰሜን እንግሊዝ፥ በማንችስተርና በአካባቢዋ ባሉት የፋብሪካ ከተሞች፥ በዕረፍት ቀናቸው በሕዝብ አውቶቡስ ተሳፍረው ከአንዱ አሮጌ መጠጥ ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ የሚጎበኙ ሰዎች አሉ። የሚሄዱት ለመጠጡ ብቻ አይደለም፤ የቤቱን የእንጨት ሥራ፥ የመስኮቱን መስተዋት፥ ቤቱ በማን ዘመን እንደ ተሠራ ለማየትና ለመጠየቅ ጭምር ነው። በዚያ ሀገር መጠጥ ቤትና የሕዝብ ማመላለሻ ከጥንት ጀምሮ ተያይዘው ያደጉ ናቸው። የሩቅ መንገድ ሠረገላዎች ፈረስ የሚለውጡት በመጠጥ ቤት ደጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1824 ጆን ግሪንዉድ የተባለ ሰው ከፔንድልተን ወደ ማንችስተር የሚመላለስ በፈረስ የሚሳብ የሕዝብ ሠረገላ አቆመ። በ1830 የሊቨርፑልና የማንችስተር የባቡር ሐዲድ ሲከፈት ደግሞ መጠጥ ቤቱ ባቡሩን ተከትሎ ሄደ፤ በስቴሊብሪጅ የባቡር ጣቢያ ውስጥ ያለው አሮጌ መጠጥ ቤት ለዚህ ምስክር ነው። ዘመን ሲለወጥ የቀድሞው ቢራና የቀድሞው ቤት እንዳይጠፋ የሚሟገት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1971 ተቋቋመ፤ ይህም ማኅበር ውስጣቸው ሳይለወጥ የቆዩትን መጠጥ ቤቶች እየመረመረ በመዝገብ አስፍሯል።

ይህን በሰማን ጊዜ፥ «የእኛስ መዝገብ የት አለ?» ብለን ራሳችንን ጠየቅን። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር ከአንድ መምህር ወዳጃችን ጋራ ሆነን ከወልድያ እስከ ላሊበላ በሕዝብ መኪና እየተሳፈርን በየመንገዱ ያሉትን ጠላ ቤቶች ለመጎብኘት ተነሣን። ጉዞውን ከመተረካችን አስቀድሞ ግን አውቶቡስ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ዘመን ማስታወስ ያስፈልጋል።

የእግር መንገድ ዘመን

የላሊበላ ከተማ ታሪክ ከማርና ከመጠጥ ጋራ የተያያዘ ነው። ቀድሞ ሮሐ ትባል የነበረችው ይህች ከተማ ዛሬ የምትጠራበትን ስም ያገኘችው በ12ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ከነገሠው ከዛጔው ንጉሥ ከቅዱስ ላሊበላ ነው። እንደ አበው ትውፊት፥ ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ንቦች ስለ ከበቡት እናቱ ንቦች ንግሥናውን ዐወቁ ስትል በአገው ቋንቋ ላሊበላ ብላ ሰየመችው። በዚያው በላስታ ባለው በብልባላ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም ንቦች እስከ ዘመናችን ድረስ ቤት ሠርተው ይኖራሉ፤ ማራቸውም እንደ ጠበል ለበሽተኛ ይሰጣል።

ሁለተኛው ነገር ጽዋው ነው። ገድሉ እንደሚተርከው፥ ላሊበላ ገና ሳይነግሥ እኅቱ በመርዝ የተበከለ መጠጥ አቀረበችለት፤ አገልጋዩ ዲያቆን አስቀድሞ ቀምሶ ሞተ፤ ላሊበላም ስለ ዲያቆኑ አዝኖ ያንኑ መጠጥ ጠጣ፤ ሦስት ቀንም እንደ ሙት ሆኖ ሳለ በመንፈስ ወደ ሰማይ ተነጥቆ እነዚያን አብያተ ክርስቲያናት አየ። አባቶቻችን መጠጥ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጥቂት አፍስሶ እንዲቀምስ ያደርጉ የነበረው ከእንዲህ ያለው ሥጋት የተነሣ ነው። ጽዋ መቀበል ሕይወትን ለሌላ ሰው አደራ መስጠት መሆኑን ላስታዎች ከገድላቸው ተምረዋል ማለት ይቻላል።

በዚያ ዘመን በሀገራችን ለመንገደኛ ተብሎ የተሠራ ማረፊያ ቤት አልነበረም። ድኻው መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ በመሸበት ደጅ ይቆማል፤ ባለቤቱም ያለውን ያካፍለዋል። ከንጉሥ ወይም ከገዥ ትእዛዝ የያዘው መንገደኛ ደግሞ ድርጎ ይሰፈርለት ነበር፤ ይኸውም እንጀራውን፥ ወጡን፥ ጠላውን ባላገሩ ከጎታው አውጥቶ የሚከፍለው ነው። ስለ እንግዳ አቀባበላችን በምንመካበት ጊዜ ይህንንም መዘንጋት አይገባንም፤ ያ ጠላ በፈቃድ የተቀዳ ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ በግዴታ የተቀዳ ነበርና። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ላሊበላን አይቶ፥ የጻፈውን የሚያምነው እንዳይጠፋ ሠግቶ እውነትነቱን በመሐላ እስከ ማጽናት ደርሷል፤ በመጽሐፉም ስለ ማር ጠጅ ደጋግሞ አውስቷል። ጠጁ ግን የነገሥታትና የመኳንንት መጠጥ ነበር። ማር በግብር ወደ ጌቶች ቤት ይገባል፤ ባላገሩም ከገብሱ ጠላ ይጠምቃል።

ስለ ጠላው ጥቂት እንበል። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፥ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጠነሰሳል፤ ብቅል ይጨመርበታል፤ ቀጥሎ ተቆልቶ የተፈጨው ገብስ ከጥንስሱ ጋራ ተዋሕዶ ድፍድፍ ይሆናል። ውኃ ተሞልቶ አፉ ይመረግና ሲደርስ ይከፈታል። ሳይጠራ የሚጠጣው ጉሽ፥ ድፍድፉ እንደ ገና ውኃ ተጨምሮበት የሚወጣው ቀጭኑ ደግሞ ቅራሪ ይባላል። ይህ ሁሉ ሥራ የሴት እጅ ሥራ ነው፤ መጽሐፍ የሌለው፥ ልጅ ከእናቷ አጠገብ ቆማ የምትማረው ትምህርት ነው። ለሽያጭ ሲቀርብም ቤቱን ለማስታወቅ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ቆርቆሮ ወይም ጣሳ ይደፋል። ማንበብ የማይችለው መንገደኛ ይህን ምልክት ከሩቅ ያነበዋል።

የመኪና መንገድ ዘመን

የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። ወሎን አቋርጦ የሚያልፈው የመኪና መንገድ ግን በይበልጥ የተሠራው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ጊዜ ነው። ጠላት መንገዱን የሠራው ለጦሩ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ግን ያው መንገድ ለአውቶቡስና ለንግድ ሆነ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ የፈራረሱትን መንገዶች ማደስ ጀመረ። ወልድያና ቆቦ በዚህ ታላቅ መንገድ ላይ ስለ ነበሩ አደጉ፤ ላስታ ግን ከተራራው በላይ ቀረች። አዲስ አበባ ላይ የተሳፈረ ሰው ወልድያ ሲደርስ ከአውቶቡስ ወርዶ በቅሎ ይፈልግ ነበር።

በ1950ዎቹ የአየር መንገዳችን አውሮፕላኖች በበጋ ጎብኚዎችን ላሊበላ ያደርሱ ጀመር። ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ሆነ፤ ከባሕር ማዶ የመጣው እንግዳ በሰዓታት ውስጥ ሲደርስ፥ የገና ተሳላሚው ባላገር በሶውን ይዞ ቀናትና ሳምንታት በእግሩ ይሄድ ነበር። ከእንግዶቹ መካከል ግን የባላገሩን መንገድ የመረጠች አንዲት ሴት ነበረች። የአየርላንድ ተወላጅ የሆነችው ዴርቭላ መርፊ በ1959 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነሥታ በቅሎ እየነዳች ላሊበላ ደርሳ እስከ አዲስ አበባ ተጉዛለች፤ በመጽሐፏም በየጎጆው ስለ ቀረበላት ጠላ ጽፋለች። ያን ጊዜ ጠላ ለመንገደኛው ምግብም፥ መድኃኒትም፥ የመተዋወቂያ ቃልም ነበር።

ታላቁ ለውጥ የመጣው ከቻይናው መንገድ ጋራ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘው ርዳታ፥ ወልድያን ከወረታ የሚያገናኘው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ በደርግ ዘመን ተሠራ። መንገዱ ከወልድያ ተነሥቶ በድልብ ዳገት ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ደጋው ይወጣል። ከዚሁ መንገድ ጋሸና ላይ ተገንጥሎ ወደ ላሊበላ የሚወስደው 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጋሸና በመስቀለኛ መንገድነቷ ታወቀች፤ መስቀለኛ መንገድ ባለበትም ሻይ ቤት፥ ጠላ ቤት፥ አልቤርጎ ይበቅላል።

ጉዟችን

በወልድያ መናኸሪያ ጧት በ12 ሰዓት ተሳፈርን። መኪናው ሕዝቡ ቅጥቅጥ የሚለው፥ የጭነት መኪና አካል ላይ በሀገር ውስጥ ገላ ተሠርቶለት አውቶቡስ የሆነው ነበር። ረዳቱ ጣራው ላይ ወጥቶ የእህል ኩንታል፥ ፍራሽና ሦስት ትላልቅ የጌሾ እስሮች ያስር ነበር። በውስጡም ጥላ የያዙ ቄስ፥ ዶሮ ያቀፈች ሴት፥ ወደ ትምህርት ቤታቸው የሚመለሱ ተማሮች ነበሩበት፤ በመተላለፊያው ደግሞ በበርጩማ ላይ የተቀመጡ ትርፍ ሰዎች። ጌሾው የማን እንደ ሆነ ብንጠይቅ ሁለት ሴቶች እጃቸውን አነሡ። ሁለቱም ጠላ ሻጮች ነበሩ። ቀድሞ በአህያ ይጫን የነበረው ጌሾ ዛሬ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ሲወጣ ባየን ጊዜ፥ መንገዱና ጠላ ቤቱ እንዴት እንደሚመጋገቡ ያለ ንግግር ተረዳን።

ጋሸና ወርደን፥ ነጂው ሻይውን ሲጠጣ (ሰው የሚያጓጉዝ ሰው ከዚህ ሌላ እንዳይጠጣ ሕግም ኅሊናም ያዝዛልና) እኛ ቆርቆሮ የተደፋበትን እንጨት አይተን ወደ አንዲት ጎጆ ገባን። ባለቤቲቱ ዕድሜያቸው 70 ዓመት የሚጠጋ እናት ነበሩ። አስቀድመው ከጣሳው በመዳፋቸው አፍስሰው ቀመሱና ቀዱልን። «እናቴ፥ ይህን ቤት መቼ ሠሩት?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጆቼ፥ ቤታችንስ ከዚያ ከላይ፥ ከበቅሎው መንገድ ዳር ነበር» አሉ። «እናቴ ጠምቃ ለተሳላሚ ታጠጣ ነበር፤ ለድኻው በነጻ፥ ለነጋዴው በአሞሌም በብርም። ቻይናዎቹ መንገድ ሲሠሩ ሠራተኛው ሁሉ እታች ሰፈረ። መንገዱ ወደኛ አልመጣም፤ እኛ ወደ መንገዱ ወረድን።»

ከዚያ በኋላ በቅሎ ነጂዎች ይውሉበትና ያድሩበት የነበረውን ሰፈር ሁሉ ከወልድያ እስከ ላሊበላ በቃላቸው ይቆጥሩልን ጀመር፤ በየትኛው መንደር የማን ቤት ለመንገደኛ ክፍት እንደ ነበረ፥ የትኛዋ ሴት ጠላ ጉሹ ሳይቀር እንደሚወደድ፥ በየትኛው ወንዝ ላይ ክረምት መንገደኛ ሰንብቶ እንደሚጠብቅ ነገሩን። ስለ 1977 ዓ.ም. ረኃብም ጠየቅናቸው። ጥቂት ዝም አሉና፥ «እህል ሲጠፋ ጠላ የት ይገኛል? ጋኑን ውኃ ሞላሁበት። በመንገዱ ለሚያልፈው ውኃ አጠጣሁበት» አሉ። ከዚያም ያንኑ ጋን ከጥግ አሳዩን፤ አፉ ላይ ተሰንጥቆ በጭቃ ተለስኖ ነበር። የጠላ ዋንጫ አድርገው የሚቀዱበት ቆርቆሮ አንዱ የርዳታ ዘይት የመጣበት ነበር። የወሎ የመከራ ዘመን በሙዚየም ሳይሆን በዚያች ጎጆ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አየነው።

ነገር ግን ረዳቱ «ላሊበላ! ላሊበላ!» እያለ መጣራት ጀመረ። በእጃችን ደብተር አልነበረም። «እንመለሳለን፤ ያን ጊዜ ሁሉንም እንጽፈዋለን» ብለን ተሰናበትን። እሳቸውም «እግዜር ያድርሳችሁ፤ እኔ የት እሄዳለሁ?» አሉን።

ላሊበላ ስንደርስ ሁለት ዓይነት መጠጥ ቤት አገኘን። አንደኛው በእንግዶች ዘንድ የታወቀው ጠጅ ቤት ነው፤ ከእነዚህ መካከል ቶርፒዶ የሚባለው ስሙ የወጣ ነበር። በዚያ ጠጁ በብርሌ ይቀርባል፥ አዝማሪው በማሲንቆው የእንግዳውን ስም እየጠራ ያወድሳል። ቀድሞ የመኳንንት የነበረው መጠጥ ዛሬ ገንዘብ ላለው ሁሉ ሆኗል። ሁለተኛው በቅዳሜ ገበያ ዙሪያ ያለው የጠላ ቤት ነው። ከየቀበሌው በግና እህል ይዞ የመጣው ባላገር ገበያው ሲፈታ በዚያ ይቀመጣል፤ ዕርቅ ይወርድበታል፥ ጋብቻ ይታሰብበታል፥ የዝናሙና የሰብሉ ወሬ ይነገርበታል። አውቶቡስ ያመጣቸው እንግዶች ወደ ፊተኛው ሲሄዱ፥ ባላገሩን ማግኘት የፈለገ ግን ወደ ኋለኛው መሄድ ነበረበት።

የተዘጋው ደጅ

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሀገር ያውቀዋል። በ2012 ዓ.ም. በሽታው መንገደኛውን አስቀረ። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ከተማይቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። መስቀለኛ መንገድ መሆኗ ያሳደጋት ጋሸና፥ በዚያው በመስቀለኛ መንገድነቷ የጦር ሜዳ ሆነች። አውቶቡስ ቆመ፤ ሰው እንደ አያቶቹ በእግሩ ሄደ።

በ2015 ዓ.ም. ጥር፥ ሰላም ከተፈረመ በኋላ፥ ደብተር ይዘን ተመለስን። እንጨቱ ላይ የተደፋው ቆርቆሮ አልነበረም። የእናቲቱ ልጅ በዚያው ቤት የጠርሙስ ቢራ ትሸጣለች። እናቷ በጦርነቱ ዓመት ታመው፥ ወደ ሐኪም የሚወስድ መኪና ጠፍቶ መሞታቸውን ነገረችን። ነፍስ ይማር ብለን ተቀመጥን። ስለ በቅሎው መንገድ ማረፊያዎች ብንጠይቃት ከሁለት በላይ ልታስታውስ አልቻለችም። «እናቴ ስትናገር እሰማ ነበር፤ ይጠቅማል ብዬ ግን አልያዝኩትም» አለችን። እኛ የተማርነው ካልያዝነው እሷን ልንወቅሳት እንዴት ይቻለናል?

በቢራው ልንፈርድም አንሻም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ጠርሙሱ ከመንገዱ ጋራ እኩል ተጉዟል፤ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካ ሲከፈት ወሎ ውስጥ ደጅ ድረስ ደረሰ። ቢራ ለመሸጥ የሦስት ሳምንት ድካም፥ የማገዶ ጭስና የውኃ ሸክም አያስፈልግም። ያች ልጅ እናቷ የተሸከመችውን ሁሉ እንድትሸከም ማንም ሊያስገድዳት አይገባም። ይሁን እንጂ ቢራው በመኪና ይመጣል፥ ዋጋውም በመኪና ይመለሳል፤ ጠላው ግን ከዚያው አገር ገብስ ይወጣል፥ ዋጋውም በዚያው ባሏ በሞተባት፥ ልጅ በምታሳድግ ሴት እጅ ይቀራል። መንገድ ሲዘጋም ቢራው ይቀራል።

ማጠቃለያ

ዐሥራ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ይህም ለሀገራችን ታላቅ ክብር ነው። ወደ እነዚያ አብያተ ክርስቲያናት ለዘመናት ሲፈስ የኖረውን ሕዝብ በመንገድ ላይ ያሳደሩት፥ ውኃና ጠላ ያጠጡት ቤቶች ግን በምንም መዝገብ ላይ የሉም። ዐለት ዘመናትን ይታገሣል፤ የሰው ቃል ግን ከሰውየው ጋራ ይቀበራል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት አውቶቡሶችን በየጊዜው ስላቆመ፥ መንገደኛውም ባለ ጠላ ቤቷም ሌላ ፈተና ገጥሟቸዋል። ስለዚህ ሥራው የሚቆይ አይደለም።

እንግሊዛውያን አሮጌ መጠጥ ቤቶቻቸውን የመዘገቡት በታላቅ ወጪ አይደለም፤ በአውቶቡስ እየሄዱ፥ እየጠየቁ፥ እየጻፉ ነው። የእኛም መምህር ተማሮቹን በዕረፍት ጊዜያቸው ወደ አያቶቻቸው ሲልክ አንድ ጥያቄ ይስጣቸው፤ «መኪና ሳይመጣ መንገደኛ የት ያድር ነበር? ማን ያጠጣው ነበር?» የባህል ጉዳይ ጸሐፊ ለሥራ ወደ ወረዳ ሲወርድ ከአጀንዳው ጎን ባዶ ደብተር ይጨምር። የተጠየቁት እናቶች ሥራቸው ታሪክ መሆኑን ሲያውቁ የሚሰማቸው ክብር እንኳ ብቻውን ትልቅ ዋጋ ነው።

እኛ ከሁለቱ ስሞች በቀር ለአንባቢ የምናቀርበው የለንም፤ እነዚያንም በደብተራችን ጽፈናቸዋል። የቀረውን ገጽ ባዶ ትተነዋል። የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ ይሞላልን ዘንድ እንለምናለን።